የሰባት ደቂቃ ንጋት

መስከረም 18

ይድረስ ለአለቃዬ፣

አልሞትኩም። «በሕይወት ካሉ» ብለሽ ስለጀመርሽ መጀመሪያ እሱን ልመልስልሽ ብዬ ነው። አለሁ። ባለቤቴም አለች፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ የምላትን እየጻፈች ነው። መነጽሬ ስለተሰበረ ነው፤ የእጅ ጽሑፌ ከመቼ ወዲህ አማረ ብለሽ እንዳትገረሚ።

ዐውደ ርእይ ሊዘጋጅልሽ መሆኑን ካንቺ ደብዳቤ በፊት ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ። የሠላሳ አምስት ዓመት የመድረክ መብራት ሥራሽ በዐሥራ አንድ ክፍል፤ ተዋናይ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ ብርሃን ብቻ። ለባለቤቴ ሳነብላት «ታዲያ ሰዉ ምን ሊያይ ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ብርሃኑን ነዋ አልኳት። «እሱማ እኛም ቤት አለ» አለችኝ።

እንኳን ደስ አለሽ። ይገባሻል። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ስለዚያ ተውኔት መጨረሻ፣ ስለ ንጋቱ ለጠየቅሽኝ ግን የምጨምረው ነገር የለኝም። ወረቀቱ አንቺ ዘንድ ነው፤ «ሰባት ደቂቃ፣ ቀስ በቀስ» ብለሽ በራስሽ እጅ ጽፈሽ የሰጠሽኝ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ከመድረኩ ሥር ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ያንቺን ወረቀት ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመብራቱን እጀታ ወደ ላይ ስትይኝ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ስትይኝ ወደ ታች። ንድፉ ያንቺ ነው፤ ጋዜጦቹም እንደዚያ ነው የጻፉት። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር አላችሁ። እሱን ጠይቂው።

ለመክፈቻው መምጣት አልችልም። መንገዱ የአንድ ቀን ነው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ከቀድሞ ባልደረቦቻችን የቀሩ ካሉ ሰላም በይልኝ።

የምድር ቤቱ ሰው


ጥቅምት 3

ለጋሼ፣

ከደብዳቤዎ ሦስት ቀን በኋላ የመጣችው ብጣሽ ወረቀት ላይ ያለችው አንድ ጥያቄ ብቻ ናት። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለምን አሁን?» ብለውኛል። መልሱን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ፤ ይህኛውም ቢንተባተብ አይፍረዱብኝ።

መጀመሪያ ክፍሎቹን ልንገርዎ፤ እግረ መንገዴን ድፍረቱ ይመጣልኝ ይሆናል። ሙዚየሙ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮት የሚባል የሌለው። የመጀመሪያው ክፍል ሲገቡበት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሰዉ ይሳሳቃል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛል። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ዓይን ሲለምድ ግድግዳው ላይ ከክር የቀጠነ ብርሃን ይታያል። ያኔ ነው መብራቱ ከመጀመሪያውም በርቶ እንደነበር የሚገባን። ዘግይተን የደረስነው እኛ ነን።

ሦስተኛው ክፍል ያ ወንዛችን ነው። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውኃ ሞልተን፣ ፓውዛ አብርተንበት፣ እርስዎ ጠርዙን በጣትዎ መታ ሲያደርጉት ጣሪያው ሁሉ ይፈስ የነበረው። አሁን በሳፋው ፋንታ ሰፊ የመስታወት ገንዳ አሠርተናል፤ ሰው ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ ነው የሚያየው። የሙዚየሙ ዘበኛ ግን ዋና አልችልም ብሎ በግድግዳው ጥግ ጥግ ነው የሚያልፈው። ስድስተኛው ውስጥ አንድ ነጭ ሸሚዝ ተሰቅሏል፤ ሌላ ምንም የለም። የብርሃኑ ቀለም ሲለወጥ ሸሚዙ አንዴ የሙሽራ ይሆናል፣ አንዴ የሕመምተኛ፣ አንዴ ባለቤቱ የሞተበት።

ዘጠነኛው ንጋቱ ነው። የዚያ ተውኔት የመጨረሻው ትዕይንት፤ ልጇ ከሆስፒታል በሕይወት ይውጣ አይውጣ ሳታውቅ መስኮት ሥር ተቀምጣ ያደረችው እናት። ቃል አትናገርም፤ ይነጋል፤ መጋረጃ ይዘጋል። እኛ ያስቀመጥነው መስኮቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ጆጉንና ወንበሯን ብቻ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። እንደ ወረቀቱ ሰባት ደቂቃ ብለን ኮምፒውተሩ ላይ ሞላነው። መስኮቱ በራ፣ ጆጉ በራ፣ ወንበሩ በራ። ግን አልነጋም። መብራት በራ እንጂ አልነጋም። የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ «ቆንጆ ነው» አለችኝ፤ ስልኳን እያየች።

ጋሼ፣ ያንን ንጋት ከአዳራሹ ኋላ ቆሜ ከመቶ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። አንዱ ቀን ከሌላው ጋር እኩል ሆኖ አያውቅም። ሰው «እንዴት አድርገሽ ነው?» ሲለኝ ግን ያን ሁሉ ዓመት ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሰዉ ትሕትና አድርጎ ወሰደልኝ። እኔ ግን ዝም ያልኩት መልሱን ስለማላውቀው ነው።

ከዚያ ደግሞ ያ ፊርማ አለ። የእጀታው ሰሌዳ ቀርቶ በኮምፒውተር ይተካ የሚለው ደብዳቤ ላይ ከፈረምነው ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ሁለቱ ሥራው የማይገባቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ይገባኝ ነበር። ምድር ቤት ወርጄ ራሴ ልነግርዎ ሲገባኝ አልወረድኩም። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብበው ካፖርትዎን ይዘው ወጡ። ይቅርታን ዘጠኝ ዓመት አቆይቶ በፖስታ መላክ ራሱ ሌላ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ሁለቱንም እለምንዎታለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ እጅዎ ምን ያደርግ ነበር?

አክባሪዎ


ጥቅምት 21

ለአለቃዬ፣

ደብዳቤሽ ሁለት ጊዜ ተነበበ፤ አንዴ ድምፅ አውጥታ ባለቤቴ፣ አንዴ ብቻዬን እኔ። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። እዚህ ላይ ነገር አላበዛም። ካፖርቱን በተመለከተ ግን ላርምሽ፤ ይዤው አልወጣሁም። ረስቼው ነው የወጣሁት፤ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ተመልሼ እንድወስደው ኩራቴ አልፈቀደልኝም። አሁንም እዚያው ሚስማሩ ላይ ይኖራል።

ቀጥለሽ በላክሻት ካርድ ላይ «ከምድር ቤት መድረኩን የሚያዩበት ቀዳዳ በየት በኩል ነበር? ለክፍሉ ንድፍ ያስፈልገኛል» ብለሻል። አንብቤ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ሳቄ ቆመ። ለካ ይታየኛል ብለሽ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የምታስቢው።

ምንም ቀዳዳ አልነበረም። መድረኩ ጣሪያዬ ነበር። ተዋንያኑ ከራሴ በላይ ሲራመዱ አቧራው አንገቴ ላይ ይራገፍ ነበር። ንጋቱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

የማየው ጫማ ነበር። ከፊተኛው ረድፍ ወንበሮች ሥር፣ ለአየር ተብሎ የተተወ አንድ ስንዝር የሚሆን የብረት ፍርግርግ አለ። በዚያ በኩል የዐሥራ ስምንት ሰው ሠላሳ ስድስት ጫማ ይታየኛል። ጫማ ዝም ብሎ የሚቀመጥ እንዳይመስልሽ። አንዱ መሬቱን ይመታል፣ አንዷ የጠበባትን ታወልቃለች፣ አንዱ ሰዓቱ ረዘመብኝ ብሎ ወደ በሩ ያዞራል። ያ ትዕይንት ሲደርስ የመጀመሪያዋን እጀታ ትንሽ ከፍ አደርግና ጫማዎቹን አያለሁ። ካልረጉ አልጨምርም። አንድ በአንድ እየረጉ ይመጣሉ። ሠላሳ ስድስቱም ቀጥ ሲሉ ሰዉ ትንፋሹን እንደያዘ አውቃለሁ፤ ያኔ ሁለተኛዋን አነሳለሁ። ከዚያ ደግሞ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን በስድስት ደቂቃ ያልቃል። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ሰዉ ሁሉ እግሩ ርሶ አልረጋልኝ ብሎ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ደርሷል። ሰዓት ይዘሽ ቢሆን ኖሮ ከሥራ ታባርሪኝ ነበር።

አንድ ሌላ ቀን ሁሉም ረግቶ አንድ ቦት ጫማ ብቻ ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው እንዳልል ሙቀት ነበር። ሰውየው እያለቀሰ ነው አልኩ። የመጨረሻዋን እጀታ ይዤ እሱን ጠበቅሁት። ሲያርፍለት አነሳሁለት።

እጄ ያደርግ የነበረው ይኸው ነው። ወረቀትሽን አልተከተልኩም፤ እኔም ይቅርታ።

የምድር ቤቱ ሰው

እህቴ፣ ይህችን ከታች የምጨምራት ደጅ ወጣ ሲልልኝ ነው። መነጽሩ አልተሰበረም። አምና ግማሽ ጎኑን መታው። እግሩ ተመልሶለታል፤ ቀኝ እጁ ግን እንደሞተ ነው፤ ማንኪያ አያነሳም። አንቺ እንድታውቂ አይፈልግም፤ «እጁን ነው የምታውቀው» ይላል። አልመጣም ያለውም ለዚህ ነው። ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ግን በየማለዳው ተላጭቶ ፖስታ ቤት ይሄዳል። እንዳወቅሽ አታሳዪው።


ኅዳር 5

ለጋሼ፣

ጫማ!

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ከሙዚየሙ በር ላይ ቆሜ ነው፤ ሰው እየገፋኝ ሲያልፍ አላወቅሁም። ብርሃን የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ማዕዘኑ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ርቀቱ መጽሐፍ ጽፌያለሁ። እርስዎ ከእግሬ ሥር በጨለማ ተቀምጠው የሰውን ትንፋሽ ከጫማው ያነቡ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኋላ ቆሜ ብርሃኑ ከወረቀቴ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ያን ዕለት ሥራ አልሠራሁም። መንገድ ዳር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሰው ጫማ ሳይ ዋልኩ።

በማግስቱ ቲያትር ቤቱ ሄድኩ። ዐሥራ አራቱን ደረጃ ወረድኩ። ሰሌዳው እዚያው አለ፤ ከክብደቱ የተነሳ ማንም ሊያወጣው አልደፈረም። ዐሥራ ሁለቱም እጀታዎች ዝገዋል፤ እርስዎ በተደጋጋሚ የያዟቸው ቦታ ላይ ግን ብረቱ አሁንም ያበራል። ካፖርትዎም አለ። ብል በልቶታል፤ ልልክልዎ አፈርኩ።

ሰሌዳውን ስድስት ሰው አወጣው። የቲያትር ቤቱ ኤሌክትሪሻን ሽቦውን ለውጦ፣ ዘይት ቀብቶ ነፍስ ዘርቶበታል። አሁን ዘጠነኛው ክፍል ውስጥ ከዝቅተኛ ግድግዳ ጀርባ ነው ያለው፤ ግድግዳው እግር ሥር አንድ ስንዝር የምትሆን ክፍተት እንዲተውልኝ አድርጌያለሁ። በፊት ለፊቱ ዐሥራ ስምንት ወንበር ደረደርን። አዘጋጇ «ጎብኚው በየቀኑ ነው የሚመጣው፤ ማን ሊይዘው ነው?» ብላ ተከራከረችኝ። እኔ አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

አንድ ሳምንት ሙሉ የሙዚየሙን ጽዳት ሠራተኞች ከሻይ ሰዓታቸው ላይ እየለመንኩ አስቀምጬ ተለማመድኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫማቸው እንደ ገበያ ነበር። እጄ ይቸኩላል፤ ሰዉን መጠበቅ ለካ ከባድ ነው። ትናንት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ቀጥ አሉ። ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ ሁለተኛዋን እጀታ አነሳሁ። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ የሚነሳ አልነበረም። ከዚያ አንዷ «እና ልጁ ዳነ?» አለችኝ።

ጋሼ፣ ይምጡልኝ። ሊሠሩ አይደለም የምጠራዎት። ከፊተኛው ረድፍ መሐል ተቀምጠው ንጋቱን እንዲያዩት ነው፤ እጀታውን የምይዘው እኔ ነኝ። የኔ ጉልበት ደረጃ ስለማይወድ መግቢያውን ሁሉ ያለ ደረጃ ነው ያሠራሁት፤ ለእትዬም ይመቻቸዋል። ግድግዳው ላይ ያለውንም ጽሑፍ አስለውጫለሁ። ምን እንደሚል መጥተው ያንብቡት።

አክባሪዎ


ኅዳር 16

ለአለቃዬ፣

ባለቤቴ ሆድ ውስጥ ምስጢር አያድርም፤ አሁንም ይህን እየጻፈች ፊቷ ቀልቷል። ጉልበትሽ ደረጃ አይወድም አልሽ? ዕድሜ ልክሽን በመሰላል ስትወጪ ስትወርጂ የኖርሽ ሴት! ነገረችሽ ማለት ነው።

እንግዲህ እወቂው። ቀኝ እጄ የለም። አለ፤ ግን የለም። አንቺ ፊት ይዤው መቅረብ ከበደኝ፤ ሌላ ነገሬን አታውቂውም ብዬ ነው። ከጻፍሽው ውስጥ ግን «ሊሠሩ አይደለም» የምትለዋ ቃል ጭንቀቴን አወረደችልኝ።

እንመጣለን። አዲስ ጫማ ተገዝቶልኛል፤ ያፏጫል፤ ከአሁኑ ይቅርታ።

የሥራ ምክር ከፈለግሽ፦ ሰዓት አትያዢ። የሕፃን ጫማ ካየሽ ዝለይው፤ ሕፃን እግሩ አያርፍም፤ ልቡ ግን ከሁሉም በፊት ረግቷል። አንድ ሰው አልረጋ ካለሽ በሱ ላይ አትናደጂ፤ እጅሽ ያስታውቅብሻል።

የምድር ቤቱ ሰው


ታኅሣሥ 2

ለአለቃዬ፣

ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ በግራ እጄ። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም አንዱ በሌላው ላይ ቢደገፉ ታገሺኝ። አምስት ቀን ፈጅቶብኛል። ባለቤቴ ልጻፍልህ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ይህኛውን ለሰው እየነገርኩ ላስጽፈው አልቻልኩም።

ስንለያይ በሩ ላይ «ምነው ዝም አሉ፤ አልወደዱትም?» ብለሽኝ ነበር። አሁን ልመልስልሽ።

ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ባለቤቴ ክንዴን እንደያዘች ነበር። እኔን ለመደገፍ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷው ናት የተደገፈችው። ወንዙ ክፍል ስንደርስ ይህች ስድሳ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ወለሉ ላይ ተኛች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲፈስ «ይሄ እኛ ቤት የለም» አለችኝ። ለማንሳት ዘበኛው አገዘን።

ዘጠነኛው ውስጥ ባሳየሽኝ ቦታ ተቀመጥኩ። በቀኜ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ፣ በግራዬ ባለቤቴ። ጫማዬን እያየሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ላለመንቀሳቀስ እየተጠነቀቅሁ ነበር። ከዚያ መስኮቱ ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር ሆነ። መጣ አልልሽም፤ የመጣ አይመስልም፤ እዚያው የነበረ ነገር ቀስ ብሎ ራሱን ያስታወሰ ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ስለ ጫማዬ ረሳሁ።

ሁለተኛዋ እጀታ የጠረጴዛው ጠርዝ ናት። ሦስተኛዋ ጆጉ ነው። አለቃዬ፣ ጆጉ ውስጥ ውኃ አለ! ያን ሁሉ ዓመት ሦስተኛዋን እጀታ ሳነሳ ውኃ እያበራሁ እንደነበር ማን ነገረኝ? ብርሃኑ ውኃው ውስጥ ገብቶ ተሰበረና በግድግዳው ላይ ተንቀጠቀጠ። ስድስተኛዋ ወለሉ ላይ የተኛው የመስኮቱ ጥላ ናት። ዘጠነኛዋ፣ ያቺ ሁልጊዜ የምታስቸግረኝ ጠንካራዋ፣ የወንበሩ መደገፊያ ናት። አንድ በአንድ አወቅኋቸው። በድምፅ ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች ፊታቸውን እንዳየሁ ያህል ነው።

ዐሥራ ሁለተኛዋ የእናትየዋ ፊት ነበረች። ተዋናይቷ የለችም፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ብርሃኑ ግን ፊት ሊኖር የሚገባው ቦታ መጥቶ ቆመ፤ አየሩ ላይ፣ ደቃቅ አቧራው መሐል። እዚያ እናቴን አየኋት። የሞተችዋን ሳይሆን ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅሰኝን። ባለቤቴን ማንን አየሽ አላልኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። በቀኜ ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

ያኔ ጭኔ ላይ ያለውን ቀኝ እጄን አየሁት። ከታመምኩ ጀምሮ እንደ ሰው ዕቃ ነበር የምሸከመው። ይህን ሁሉ ያደረገው ይሄ ነው አልኩ። ሳይ፣ ባለቤቴ ይዛዋለች። እንደያዘችው አልተሰማኝም ነበር፤ ግን ይዛዋለች።

ጽሑፉንም አንብቤዋለሁ። ስሜ ካንቺ ስም ጎን፣ በእኩል ፊደል። ባለቤቴ በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ቀለሙ መድረቁን ላረጋግጥ ብዬ ነው አለች። እንግዲህ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ቢናገሩት የሚያልቅ አልመሰለኝም።

አሁን ደግሞ የሥራ ነገር። አምስተኛዋ ላይ ቸኩለሻል። ከዳር የተቀመጠችው ሴት እግሯን እየለዋወጠች ነበር፤ አልጠበቅሻትም። ደግሞ ሰዉ እንደነገረኝ ከተከፈተ ጀምሮ በየቀኑ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የምትቀመጪው አንቺው ነሽ። ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠሽ አይተሽው አታውቂም፤ ድሮም ከኋላ ቆመሽ ነው። ከፊት ሌላ ነገር ነው።

ትናንት ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ ጨርሳለች። ሐሙስ እንመጣለን። ከፊተኛው ረድፍ ለራስሽ ወንበር ያዢ። ሰሌዳውን ደግሞ በግራ እጅ እንዲያዝ አድርገሽ አዙሪልኝ።

የምድር ቤቱ ሰው